ስድስት ጎራሿ



ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ ራሱ ያውቀዋል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቀን ስንጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ቲቸር፣ ሽጉጥ ልገዛ አስቤያለሁ። እርስዎ ድሮ ስድስት ጎራሽ ነበረችዎት። ምን ይመክሩኛል?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ያቺን ሽጉጥ እስከ ዛሬ የሚያስታውስ ተማሪ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «ቆይ መልሼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን አልደወልኩም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። እዚህ ልጻፈው፤ ለእሱም ይድረሰው፣ ለሌሎቻችሁም።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነው። ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። የ28 ዓመት ወንደላጤ ነኝ። ትውልዴ ግን እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ገጠር።

በ1989ኙ የመሬት ድልድል ማግስት አጎቴና አንድ ጎረቤታችን በወሰን ተጣሉ። አንድ ጥማድ እንኳ የማትሞላ ቁራሽ መሬት ናት። ሽማግሌ ገባ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ አጎቴ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ገዳዩ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ስማዳ ሄደች። ሰውየው በ1997 መጨረሻ በአመክሮ ተፈታና እሷ ዘንድ መጣ። ታላቅ ልጁ ደግሞ እኔ የማስተምርበት 7ኛ ክፍል ተቀምጦ ይማራል።

ይህን የሰሙ የአጎቴ ልጆች አንድ ቅዳሜ ከእስቴ ድረስ መጡ። ጠላ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ታላቅየው ጣሳውን አስቀመጠና «እግዜር ደጅህ ድረስ አምጥቶልሃል» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በእኛ አገር እንዲህ ከተባለ ቀሪው ይታወቃል።

እኔ ደም የመመለስ ሐሳብ አልነበረኝም። ለራሴ የነገርኩት እንዲያ ነው። «መጠበቂያ ብቻ ነው» አልኩ። «ሰውየው እኔን ጠርጥሮ ሊቀድመኝ ይችላል» አልኩ። ለሽጉጥ ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም።

ሻጩ የታች ጋይንት ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነው። ከጎታው ጀርባ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። «አባቴ ከጣሊያን የማረካት ናት» አሉኝ። እውነትም የጣሊያን ሥራ ናት፤ ቦዴዮ የሚሏት፣ የጣሊያን ጦር በ1889 እ.ኤ.አ. ለወታደሩ የመረጣት ዓይነት። ጎኗ ላይ የብሬሻ ከተማ ስም በላቲን ፊደል ተቀርጿል። በአምስቱ የጠላት ዓመት አርበኛው ከጣሊያን እጅ ብዙ መሣሪያ ነጥቋል፤ በ1933 ክረምት መግቢያ ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥም ከዚያው የቀረው ብዙ ነው። የእሳቸውን ቃል አመንኩ። የሁለት ወር ተኩል ደመወዜን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ ሽጉጧን ከአምስት ጥይት ጋር ተረከብኩ።

እንግዲህ ተማሪዬ የጠየቀኝ ስለ ሽጉጧ ነውና እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ ክብደቷ ነው። ስትታይ ትንሽ ናት፤ እጅ ላይ ስታርፍ ግን አንድ ኪሎ ልትሞላ ጥቂት ነው የሚቀራት። ያም ክብደት ወደ አፈሙዟ ያዘነብላል፤ እጅን ወደ መሬት ይጎትታል። በርሜሏ ከውጭ ስምንት ማዕዘን አለው። እጀታዋ እንጨት ነው፤ በአውራ ጣት በኩል ተበልቶ ጎድጉዷል። የማላውቀው ሰው እጅ እዚያ ላይ ኖሯል ማለት ነው። የእኔ አውራ ጣት ልክ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

ቀጥሎ ያየሁት ቃታ እንደሌላት ነው። «አባባ፣ ይቺማ ጎደሎ ናት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከሆዷ ሥር የተጣበቀች ብረት በጥፍራቸው ፈልቅቀው ወደ ታች ዘረጓት። ቃታዋ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ ኖሯል። ከሥሩ የሚከልለው ቀለበትም የለውም። ታጥፋ ስትቀመጥ ምንም የማታደርግ ዕቃ ትመስላለች።

አጎራረሷ ደግሞ ሌላ ነው። ክላሽ ካዝና አለው፤ ነቅለህ ትተክላለህ። ይቺን በቀኝ ጎኗ ያለችውን ትንሽ በር ከፍተህ፣ እያሽከረከርክ፣ አንድ በአንድ ነው የምታጎርሳት። ስድስቱን እስክትጨርስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳል። ቀለሁን ለማውጣትም እንዲሁ አንድ በአንድ በዘንግ መግፋት ነው። ስትሽከረከር ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የምትለው ድምፅ ደስ ይላል። አልዋሻችሁም፣ ወደድኳት። ማታ በሬን ዘግቼ፣ ፋኖስ አብርቼ፣ ከልብስ ሰፊው የለመንኩትን የስፌት መኪና ዘይት ስቀባት አመሽ ነበር። የተማሪ ደብተር ሳይታረም ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ።

ከዚያ የጥይት ነገር መጣ። የክላሽ ጥይት ከማንም ይገኛል፤ የዚችን ግን የጠየቅኩት ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። 10.35 ሚሊሜትር ናት፤ ሌላ አትጎርስም። ያለኝ እነዚያው አምስቱ ናቸው፤ ስድስተኛው ጎሬ ባዶ ነው። ከከተማው ራቅ ብዬ ገደል አፋፍ ላይ ሁለቱን ሞከርኩ። አንደኛው ፈነዳ፤ ጆሮዬ እስከ ማታ ጮኸ። ሁለተኛው ቀጭ ብሎ ቀረ። ሦስቱ ምን እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። ለወራት የማላምናቸውን ሦስት ጥይቶች ታጥቄ «ተጠብቄያለሁ» እያልኩ ዞርኩ።

ሽጉጥ የሚለው ስም ከመሸጎጥ የመጣ ነው። ጠብመንጃ ትከሻ ላይ ይታያል፣ ሽጉጥ ይሸጎጣል። እኔ ግን ተሸጉጣም እንድትታይልኝ ነበር የምፈልገው። ኮቴን ሳልቆልፍ ገበያ እወጣለሁ። ጠላ ቤት ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። በፊት «መምህር» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች «ጌታው» አሉኝ። ድምፄ ራሱ ወፍሮ ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን ከሻይ ቤት አሳላፊ ጋር በሃያ አምስት ሳንቲም መልስ ተጨቃጨቅኩና እጄ ወደ ወገቤ ስትሄድ አየኋት። በሃያ አምስት ሳንቲም! አፈርኩ፤ ግን አላወለቅኳትም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ።

ያ ልጅ፣ የሰውየው ልጅ፣ ጠያቂ ነበር። እጁን ሳያወጣ የሚያልፍ ክፍለ ጊዜ አልነበረም። ሽጉጧን ከያዝኩ በኋላ ዝም አለ። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። አንድ ቀን ስለ አፄ ቴዎድሮስ አስተማርኩ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ፣ በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር አስነስተው፣ በገዛ አገራችን በጋይንት፣ በጨጨሆ አድርገው፣ ቁልቁለቱን ዳገቱን እየጠረጉ በመጋቢት መቅደላ እንዳደረሱት ነገርኳቸው። በመጨረሻም ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር ሲገባባቸው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በደህናው ጊዜ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን እንደሠዉ ተናገርኩ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ሳስተምር ክፍሉ በጥያቄ ይናጥ ነበር።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ጸጥ። አርባ ስንት ተማሪ ጸጥ። ልጁን አየሁት። ፊቴን አያይም፤ ወገቤን ነው የሚያየው። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሬ ስመለስ ዓይኑ እዚያው ነው። ያኔ ገባኝ። ያቺ ሽጉጥ ለማን እንደተገዛች ያ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። እኔ ለራሴ «መጠበቂያ ናት» እያልኩ ሳሞኝ፣ የ13 ዓመት ልጅ በየቀኑ የአባቱን ሞት ወገቤ ላይ እያየ ይማር ነበር።

ለገና እስቴ ወረድኩ። እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ አቀፈችኝ፤ እጇ ወገቤ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ምንም አይደል እምዬ፣ መጠበቂያ ነው።»

ዝም አለች። እንደ ወጉ ውሃ አሙቃ እግሬን ልታጥብ ተቀመጠች። እግሬን እያሸች፣ ቀና ሳትል፣ «ወንድሜም መጠበቂያ ነበረው። ከነመጠበቂያው ነው ተሸክመው ያመጡልኝ» አለች። ደግሞ ትንሽ ቆየችና፣ «ያ ልጅ ይማራል?»

«የማን ልጅ?»

«የሰውየው።»

«ይማራል።»

«ጎበዝ ነው?»

«በጣም።»

«እንግዲህ አስተምረው» አለች፤ እግሬን በጋቢዋ ጫፍ አደረቀችው። የሞተው የእሷ ወንድም ነው እኮ። ከእኔ ይልቅ እሷን ነበር ሊያማት የሚገባው። ያማትም እሷን ነው፤ ለዚህ ነው የተናገረችው።

ስመለስ ሽጉጧን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ክፍል ገባሁ። የነፍስ አባቴን ይዤ ሽማግሌ አስላክሁ። ቀላል አልነበረም። የአጎቴ ታላቅ ልጅ ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ መለሳቸው፤ እኔንም «ፊደል ቆጥረህ ወኔህን ሸጥክ» ብሎ ሰደበኝ። እናቴ ሄዳ ደጁ ላይ ተቀመጠች፤ አልነሳም አለች። አክስት እንዴት ተደርጋ ትገፋለች? እሺ አለ።

ግንቦት ላይ ሰውየው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። መሣሪያ የያዘ ሰው እንዳይኖር ተነግሮ ነበር። የአጎቴ ልጅ ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ ሄዶ ድንጋዩን አነሳለት። ካሳው ተቆረጠ፣ መሐላው ተፈጸመ፣ አብረን በላን። አጎቴ አልተመለሰም። ግን ሁለተኛ ለቅሶ አልተቀመጥንም።

ሰኞ ክፍል ስገባ ያ ልጅ እጁን አወጣ። የዚያን ዕለት ትምህርት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱ ግን ወራት ያሳደረውን ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ንግሥቲቱ ሽጉጡን የላከችላቸው ወዳጅ ሆና ነው። ታዲያ ቴዎድሮስ ሲቀበሉ ለማን የሚሆን መስሏቸው ነበር?»

እስከ ዛሬ ከተማሪ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች አንደኛው ይኼ ነው። መልስ አልነበረኝም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ ብቻ አለፍኩ። (ይህን ከመጻፌ በፊት እሱንም ቤተሰቡንም አስፈቅጃለሁ። ዛሬ የልጆች አባት ነው።)

ሽጉጧን ሰኔ ላይ ሸጥኳት። ሦስቱን ጥይት ግን ለገዢው አልሰጠሁም፤ ገደል ወረወርኳቸው። ገዢው ለሠርግ መታያ ፈልጓት ነበር። የዚያን ቀን ቀለለኝ፤ ዛሬ ግን ይቆጨኛል። እኔን ያስፈራኝን ነገር ዋጋ ተቀብዬ ለሌላ ሰው አሳልፌያለሁ። ጥይት የሚያገኝላት ሰው እጅ ገብታ ይሆን? አንዳንድ ሌሊት ይህ ያነቃኛል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ የኔ ተማሪ።

ስለ ሕጉ አልደክምህም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል እንደሆነ ታውቃለህ። ዘመኑ ከባድ መሆኑንም እኔ አልነግርህም፤ አንተ ትነግረኛለህ እንጂ። ፈርተህ ይሆናል፤ ፍርሃትህን አልንቅም። እኔም ፈርቼ ነው የገዛሁት።

ግን ምን ይመክሩኛል ብለሃልና ልምከርህ። ያቺ ሽጉጥ እኔ ዘንድ በቆየችበት ጊዜ ከጠላት አላዳነችኝም። ያደረገችው ቢኖር 40 ልጆችን ዝም ማሰኘት ነው። አንተም እዚያው ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ነበርክ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሃት። ወገቤን ስታይ የተሰማህን አስታውስ፤ ከዚያ ቤት ግባና ልጆችህን እያቸው።

አሁንም የምትገዛ ከሆነ መጀመሪያ ደውልልኝ። የፈራኸው ሰው ማን እንደሆነ ንገረኝ። አርጅቻለሁ፤ ዱላዬን ይዤ ሽማግሌ መሄድ ግን አያቅተኝም።

ሰላም ያገናኘን።