ከእቁብ ብር የወጣ ሲኒማ ቤት

መቼም ዘንድሮ ቴሌቪዥን ከሲታ ሆኗል። ስክሪኑ በየዓመቱ ይሰፋል፣ ሰውነቱ በየዓመቱ ይሟጠጣል። ከኋላው እንደ ጎታ የተቆዘረ የድሮ ቴሌቪዥን ያያችሁ ታስታውሱ እንደሆን፣ ድምፁ ቢያንስ ከደረቱ ይወጣ ነበር። ድምፅ ማለት የሚገፋ አየር ነው። አየር ለመግፋት ደግሞ ሰፋ ያለ ስፒከርና ከጀርባው ባዶ ሳጥን ያስፈልጋል። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን ሁለት ትንንሽ ስፒከሮቹን ጉያው ውስጥ ሸጉጦ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ወለል አዙሮ ይለቃቸዋል። ከዚያማ ተዋናይዋ ስታለቅስ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ምን ብላ እንዳለቀሰች ግን አይሰማም።

እኛ ቤት "ምን አለች?" የሚለው ጥያቄ ወደ ጠብ እያመራ ነበር። እኔና ባለቤቴ ዓለም ባንክ፣ 4 በ4 የሆነች ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠራው የቤት ፕሮጀክት ነው ይባላል። ስሙን ሰምቶ ሀብታም የሚመስለው ሰው አይጠፋም፣ እኛ ግን ከባንኩ የደረሰን ስሙ ብቻ ነው። ሲኒማ ለማየት ቦሌ መሄድ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ማታ ሲመለሱ ደግሞ የታክሲው ወረፋና የራይዱ ሂሳብ ፊልሙን ያስረሳል። ስለዚህ ተውነው። ከተውነው በኋላ እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ፣ ሁለታችንም ጆሯችን ውስጥ ኢርፎን ሰክተን ስልካችን ላይ መደፋት ጀመርን። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቤት ማለት ይሄ ነው። ሦስት ዓመት በትዳር የቆየን ሰዎች "እራት ቀርቧል" የምንባባለው በቴሌግራም ሆነ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ታዲያ በ2017 ዓ.ም. የ30 ሺህ ብር እቁብ ወጣልን። ባለቤቴ ፍሪጅ አለች። እኔ ድምፅ አልኩ። "ድምፅ ይበላል እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ስለተወረወረ፣ ዛሬ ያልተገዛ ፍሪጅ ነገ እንዴት እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ 12 ሺው ለፍሪጁ ተቀመጠ፣ 18 ሺው ለእኔ ተፈቀደ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ ማታ፣ ኢርፎን የሚባል ነገር መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ካልሆነ ዕቃው ተሽጦ ብሩ ወደ ፍሪጁ ይመለሳል።

የሚቀጥለው ፈተና አከራያችን ነበሩ። የእሳቸውና የእኛ ቤት የሚለያየው በአንድ ስስ የብሎኬት ግድግዳ ነው።

"እትዬ፣ ድምፅ ያለው ዕቃ ልገዛ ነው። ሳልነግርዎት እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"ጭፈራ ቤት ልትከፍትብኝ ነው?"

"ኧረ በፍጹም! ፊልም ማያ ነው።"

"እኔ ደም ብዛት አለብኝ ልጄ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግድግዳዬን ድም ድም ካደረግኸው፣ የወሩን ኪራይ አታምጣልኝ፣ ዕቃህን ሰብስብ።"

እንግዲህ ልብ በሉ፣ በ18 ሺህ ብር ትዳርም ቤትም ተያዘ።

ጓደኞቼ ምክር አላነሳቸውም። አንዱ "ሞንታርቦ ግዛ፣ ሰፈሩን አንቀጥቅጥ" አለኝ። ሞንታርቦ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ አገር ግን የሠርግና የስብሰባ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ድንኳን ሙሉ ሰው እንዲሰማ የተሠራን ዕቃ 16 ካሬ ሜትር ውስጥ ማስገባት ግን በሬን ምጣድ ላይ እንደ ማቆም ነው። ሌላው "አምስት ነጥብ አንድ ካልሆነ ሆም ቲያተር አይባልም" አለ። ይሄኛው ትንሽ ያነጋግራል። አምስት ነጥብ አንድ ማለት ከፊት ሦስት፣ ከጎንና ከኋላ ሁለት ስፒከር፣ "ነጥብ አንዱ" ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያጉረመርመው ሰብዉፈር ነው። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው አሠራር በ1992 እ.ኤ.አ. ከ"ባትማን ሪተርንስ" ጋር ወደ ሲኒማ ቤት ሲገባ በዚህ አደራደር ነበር።

እኔ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ እኛ ምንድን ነው የምናየው? ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቅ የአማርኛ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ ኳስ፣ አልፎ አልፎ የፈረንጅ ፊልም። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው በሁለት መስመር፣ በግራና በቀኝ ብቻ ነው። የሌለ ድምፅ ለማሰማት አምስት ስፒከር መግዛት ምን ይሉታል? በ18 ሺህ ብር አምስት እርካሽ ስፒከር ከሚገዛ ሁለት ደህና መግዛት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ደግሞም ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ ሆነው እናንተ መሃል ከተቀመጣችሁ፣ የተዋናዩ ንግግር ከመሃል፣ ከራሱ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ጆሮ እንዲህ ይታለላል።

ከዓለም ባንክ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና መርካቶ። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። አዳዲሶቹን ያየሁት ለማወቅ ያህል ነው። ካርቶኑ ላይ "3000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ" ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ዞር አድርጌ ጀርባውን ሳየው ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ነው። 60 ዋት የበላ ዕቃ ያለማቋረጥ 3000 ዋት አይተፋም፤ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ የሚባለው ለሻጭ እንጂ ለጆሮ የተፈጠረ ቁጥር አይደለም። እናንተ "አር.ኤም.ኤስ" የሚለውን ፈልጉ፣ እሱ ከሌለ ጀርባውን አንብቡ። ለነገሩ በትንሽ ክፍል ውስጥ በደህና ስፒከር ፊልም ለማየት የሚያስፈልገው ከጥቂት ዋት አይበልጥም። ዋቱ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ጆሮ የሚሰማው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ይፈልጋል።

ስለዚህ ወደ አሮጌው ሄድኩ። ያገለገለ የጃፓን አምፕሊፋየር፣ ባለ ሁለት መስመር፣ ከባድ፣ ስታነሱት ወገብ የሚፈትን። እዚህ ላይ ቮልቴጁን ሳታዩ ብር አታውጡ። እኛ አገር መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነው። አንድ ጎረቤታችን ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለትን ቆንጆ ዕቃ በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰክቶት፣ ከዕቃው ያገኘው ጭስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ የትራንስፎርመሩ ዋጋ ደግሞ ርካሹን ዕቃ ውድ ያደርገዋል።

አሮጌ ዕቃ ሲፈተን ማፈር አያስፈልግም። ቮልዩሙን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ቸርርር ካለ ውስጡ ቆሽሿል፣ ቴክኒሻን በጥቂት ብር ያጸዳዋል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማል። ምንም ሳይከፈት "ኡኡኡ" የሚል ከሆነ ግን ዕድሜው እየተናገረ ነውና ተዉት። ስፒከሩን ሽፋኑን አውልቁና ዳር ዳሩን ያለውን ስፖንጅ ወይም ጎማ በጣት ነካ አድርጉ፤ ከተፈረፈረ ብሩን ኪሳችሁ መልሱ። መሃሉን በአራት ጣት በእኩል፣ በቀስታ ገፋ ስታደርጉት የሚፍቅ ነገር ከተሰማ ኮይሉ ተበላሽቷል። አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪም ያዙ፤ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ለአፍታ ስታነኩት የስፒከሩ ፊት ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ ውስጥ ከሄዱ ገመዳቸው ተገላብጧል፣ ቤዙም ይጠፋል።

መፈተኛ ዘፈን ሻጩ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ። እሱ ጭፈራ ነው የሚከፍተው፣ ጭፈራ ደግሞ ጉድለት ይሸፍናል። እኔ ስልኬ ላይ የዓለሙ አጋን በገና ይዤ ነበር የሄድኩት። ሻጩ ሳቀብኝ፣ "ፆም ነው እንዴ?" አለ። በገና አሥር አውታር አለው፣ በአውታሩና በድጋፉ መካከል የገባችው ቆዳ ናት ያን ንዝረት የምትሰጠው። መጥፎ ስፒከር ላይ የሚሰማው ዝዝታው ብቻ ነው፣ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ይመስላል። ደህናው ላይ ግን ከዝዝታው ሥር ያለው ወፍራም ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ የሰውየው ድምፅ ብቻውን ይለያል። በዚህ ዘዴ አራት ጥንድ ስፒከር ጣልኩ፣ አምስተኛውን ገዛሁ። ሻጩም መሳቁን ትቶ "እስቲ ድገመው" ብሎኛል።

ሂሳቡ ይኸው፣ የእኔ ነው፣ እናንተ ስትሄዱ ይለወጣል። አምፕሊፋየሩ 7,000፣ ስፒከሮቹ 5,500፣ ማጽጃ ለቴክኒሻን 700። አዲሱ ቴሌቪዥን ቀይና ነጭ ጃክ የለውም፣ ስለዚህ ዲጂታሉን ድምፅ የምትለውጥ የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ 1,200 (ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ድምፁን "ፒ.ሲ.ኤም" ላይ ካላደረጋችሁት ግን ዝም ትላለች፣ ተበላሸች ብላችሁ እንዳትመልሷት)። ገመድ 10 ሜትር 600፤ ተራ የመዳብ መብራት ገመድ ነው፣ ወርቅ የተቀባ ለሚሸጥላችሁ ሳቁበት። የሰፈራችን አናጺ ከቺፑድ ሁለት መቆሚያ በ1,500 ሠራልኝ፣ ትንሿ ስፒከር ስንቀመጥ ጆሯችን ትክክል እንድትሆን። የተረፈው 1,500 ወፍራም መጋረጃ ሆነ።

ከሁሉ የለፋሁት ግን አቀማመጡ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ነፃ ነው። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል ለድምፅ ክፉ ነው። 4 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን በሁለቱም በኩል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ ይደራረባል፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ ስትቀመጡ ያጓራል፣ ትክክል መሃል ስትሆኑ ይጠፋል። ሶፋውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ሳብነው። ስፒከሮቹን ከጥግ አወጣኋቸው፣ ጥግ ቤዙን ያሳብጣልና። እጄን ሳጨበጭብ ክፍሉ "ጭንንን" ይል ነበር፤ መጋረጃው ሲሰቀል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ ባለቤቴ ጋቢዋን ሶፋው ላይ ስትጥል ጸጥ አለ።

ሰብዉፈር አልገዛሁም። ወፍራም ድምፅ ብሎኬት አያቆመውም። ከአከራያችን ግድግዳ አርቄ፣ ከስፒከሮቹ ሥር የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ አስገባሁ፣ ከዚያ ባለቤቴን ፊልም አስከፍቼ እሳቸው ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ላላችሁ ይህን ሳታደርጉ አትተኙ። ቤዙን ሁለት ነጥብ ስንቀንሰው እሳቸው "አሁን ምኑም አይሰማኝ፣ ቡናህን ጠጣ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" ነው ያየነው፣ የ2008 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው፣ ሁለታችንም በስልክ ጀምረን የተውነው። አንድም ጊዜ "ምን አለ?" አልተባለም። ሲያልቅ መብራቱን ሳናበራ ባለቤቴ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች፤ በደርግ ጊዜ ስለታሰሩበት፣ ከወጡ በኋላ በር ሲንኳኳ ስለሚሆኑት ነገር። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አልነገረችኝም ነበር። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ።

አሁን የቀረው ችግር ሁለት ነው። መብራት ሲሄድ ዕቃውን ከሶኬት እነቅላለሁ፣ ተመልሶ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ኃይል አይታወቅም፤ መጥቶ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ አልሰካም። ሁለተኛው ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለዚያ የሚበቃ ድምፅ ብከፍት አከራያችን ዕቃዬን ያስጭኑኛል። ስለዚህ ፊልሙን እናቆማለን፣ እሷ ሻይ ትጥዳለች፣ እስኪያባራ እንጠብቃለን።