ሰዉ ሄደ፣ ወንበሩ ቀረ

እኛ የልደታ ልጆች የ1997 ዓ.ም.ን ምርጫ የምናውቀው ከታላላቆቻችን አፍ ነው። ያኔ አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያሏትን 23 ወንበሮች በሙሉ ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን ጠቅልሎ ለመድረክ አንዲት ተረፈች። በ2007 እሷም አልቀረች! በ2013 ደግሞ ብልፅግና 22 አገኘ።

ከተማው እንዲህ ባንዴ የሚገለባበጠው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ሁለተኛ የወጣው፣ በጥቂት ድምፅ ቢበለጥም፣ ባዶ እጁን ይገባል።

ሌላው ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተከልበት፣ ከጎረቤቶቻችን ስንቱ ጀሞ ገባ መሰላችሁ! መራጭ የሚመዘገበው ቢያንስ 6 ወር በኖረበት የምርጫ ክልል ነው። ስለዚህ እድሩ ልደታ የቀረ ሰው ድምፁን የሚሰጠው ጀሞ ነው።

ሰዉ ሲሄድ ግን ወንበሩ አብሮት አልሄደም። ክፍለ ከተሞቹ ከ10 ወደ 11 ሲያድጉ እንኳ በ2013 ምርጫ ወንበሩ ያው 23 ነበር። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ሰፈራችን ሳይፈርስ።

እንግዲህ ማን አሸነፈ ብለን ከመጨቃጨቃችን በፊት እስቲ ይህን እንጠይቅ፦ ወንበሮቹ የተደለደሉት ለየትኛው ዘመን ሰው ነው?