ስንተኛ ወጣች?

የካቲት 2 ቀን 2017፣ እሁድ

የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ስለተሰጠ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ ደረጃ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ዘንድሮም አንደኛ ወጥታለች። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ገብቼ የሒሳብ ደብተሯን ሳገላብጥ ከመሐል የተቀደዱ ገጾች አየሁ። ምን ሆነው ነው ብላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የተሳሳትኩባቸው ናቸው» አለችኝ። እናቷ ከጓዳ ሆና «እሷማ በአባቷ ነው የወጣችው፤ ሳታጠናም ይገባታል» ትላለች። እንዲህ የተባለች ልጅ ቁጭ ብላ ስታጠና ብትገኝ ምን ልትባል ነው?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ደብተሩ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት አውጥቼ አነበብኩ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ብዙም የማይከብድ የቅርጽ እንቆቅልሽ ይሰጣቸዋል። ሲጨርሱ አንዳንዶቹ በብልህነታቸው፣ ሌሎቹ በልፋታቸው ይመሰገናሉ። ቀጥሎ ሁሉንም የሚጥል ጥያቄ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ያለ። በብልህነታቸው የተመሰገኑት በመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ያነሰ አመጡ፤ በልፋታቸው የተመሰገኑት ጨመሩ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው፤ ልጆቹ ውጤታቸውን ሌላ ትምህርት ቤት ላለ፣ ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ በብልህነታቸው ከተመሰገኑት ከአሥር አራት ያህሉ ከፍ አድርገው ዋሹ። አይቷቸው ለማያውቅ ሰው! ገጽ መቅደድ ከዚህ በምን ይለያል?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ነነዌ ስለሆነ ቡናው የቀረበው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤታችን ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጇን ራሱን እየዳበሰች «እሱን እንኳ ቀለም አይዘልቀውም። አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሁሉም ዶክተር አይሆንም፤ እጅህ ወርቅ ነው» አለች። ልጁ ፈንዲሻ እያዞረ ነበር፤ ምንም አልመለሰም። የሰፈሩን ሬዲዮና ቻርጀር የሚጠግነው እሱ ነው። የትኛው ሽቦ ከየትኛው እንደሚገጥም የሚለየው በእጁ ብቻ መስሏቸው ይሆን?

የእናትየው ንግግር ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ርኅራኄ ነው። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ስድብ ቢሆን ልጁ ይቆጣ ነበር፣ እልህ ይይዘው ነበር። ማጽናኛን ግን ማን ይከራከራል? አኒታ ራታንና ጓደኞቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህንኑ ይነካል። የሒሳብ ችሎታ አብሮ የሚወለድ ነው ብለው የሚያምኑ አስተማሪዎች፣ ፈተና የወደቀ ተማሪን ማጽናናትና የቤት ሥራ ማቅለል ይቀናቸዋል። አስተማሪያቸው እንዲህ ቢያጽናናቸው ምን እንደሚሰማቸው እንዲያስቡ የተደረጉ ተማሪዎች ግን፣ ሰውየው ከእነሱ ብዙም እንደማይጠብቅ ነው የገባቸው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ወጣትነታቸውን በጎጃም ቅኔ ቤቶች ካሳለፉ መሪጌታ ጋር ረጅም ጨዋታ ነበረን። ቀን ቀን ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል። ጀማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሳል። አንዱ ቤት አልመታም ይባላል፣ የሌላው ምሥጢር ባዶ ይሆናል፣ ጓደኛ እየሰማ ይፈርሳል። በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። «የፈረሰበት ሁሉ ቢያፍር ኖሮ ጉባኤው ይዘጋ ነበር» አሉኝ።

ይህንን ችሎታ በልፋት ለመሠራቱ እንደ ትልቅ ማስረጃ ይዤ ልሄድ ስል አብሾ ትዝ አለኝ። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው፣ ሲነሳ ያሳብዳል የሚባለው አብሾ የሚወራው በዚያው በቅኔ ቤት ነው እኮ! ዕውቀት በየማታው ነገራ በሚሠራበት ቤት፣ በዋንጫ ይጠጣል የሚል እምነትም አብሮ ኖሯል። መሪጌታን ብጠይቃቸው ሳቁ። «የጠጡትን አይቻለሁ፤ እርስዎ ይመኑኝ፣ ቆጠራው አልቀረላቸውም።»

የካቲት 10፣ ሰኞ

መምህር የሆነ ወዳጄ ደወለልኝ፤ የሰሞኑን ሐሳቤን ስነግረው አልተደነቀም። «ትችላላችሁ የሚል ፖስተር ግድግዳው ላይ ሞልቶልናል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቃል ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 12,000 ያህል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን የያዘ ጥናት፣ ችሎታ እንደሚያድግ የሚያስረዳ አንድ ሰዓት የማይሞላ ትምህርት በኮምፒውተር ሰጥቶ ነበር። ደከም ያሉት ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከፍ ያለው በ0.1 ነጥብ ገደማ ነው፤ እሱም ከባድ ሥራን የሚደፍሩ የክፍል ጓደኞች ባሉበት ይበልጣል። እኛ ዘንድ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ ቀለም አይዘልቃቸውም ልንል ነው? ወይስ መጽሐፍና አስተማሪ ላልደረሰው ልጅ «እመን ብቻ» እንበለው? ሁለቱም ያው ሽሽት ነው።

ወዳጄ የጀመረው ነገር ይሻላል። የፈተና ወረቀት ይመልስላቸዋል፤ የተሳሳተውን ጥያቄ እንደገና ሠርቶ፣ የት እንደሳተ በጽሑፍ ላስረዳ ግማሽ ማርክ ይሰጣል። ዳይሬክተሩ «ይሄ ማርክ ማደል ነው» ብለው ሊያስቆሙት ነበር። ተከራክሮ ለአንድ ሴክሽን፣ እስከ ፋሲካ፣ አስፈቅዷል። እርማቱን ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ ሊሠራው ነው፤ ትርፍ ሰዓትም አይታሰብለትም።