ቆረጠ

እንደ «ቆረጠ» ሥራ የበዛበት ግሥ በቋንቋችን ያለ አይመስለኝም። እርግጥ አማርኛ ለየስለቱ ቃል አለው፤ ሣር ይታጨዳል፣ እንጨት ይፈለጣል፣ ጎመን ይቀረደዳል፣ በግ ይሸለታል፣ ደን ይመነጠራል። እንግሊዞች «ከት» ብለው ፀጉሩንም ደመወዙንም ፊልሙንም በአንድ ቢላዋ ያዳርሳሉ። የእኛው «ቆረጠ» ግን ከእጅ አልፎ ወደ ልብ ይገባል። ቀን ይቆረጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል። ቆራጡ ይወደሳል፤ ተስፋ የቆረጠው ይታዘንለታል፤ ግሡ ግን ያው አንድ ነው… እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቀኑን ሙሉ የምሰማው ሌላውን ነው፤ «ስንት ተቆረጠብኝ?»

ቃሉ በእውነት የከበደኝ ግን ቴፒ አጠገብ፣ በእናቴ የቡና ማሳ ውስጥ ነው።

ቡናውን የተከለው አባቴ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ዛፎቹ አረጁ፤ ቁመታቸው ረዘመ፣ ፍሬያቸው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀረ። የግብርና ባለሙያው መፍትሔው ጉንደላ ነው አለን። ያረጀው ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ፣ በመጋዝ ይቆረጣል። ዝናብ ሲጀምር ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያዎቹ ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ይተዋሉ። ደህና ምርት እስኪመጣ ግን ሁለት ዓመት ያህል መታገሥ ግድ ነው።

በእናቴ ጆሮ «መጎንደል» ከ«መግደል» እምብዛም አልራቀም። ደግሞስ በአገራችን ቡና የሚቆጠረው በእግር አይደል? መቶ እግር፣ ሁለት መቶ እግር… በለቀማው ወራት አነሣሁባት፤ ዝም አለች። ለገና ስመለስ፣

«የሁለት ዓመቱን ማን ያበላኛል? ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ።

«ከደመወዜ እየቆረጥሁ እልክልሻለሁ» አልኋት። ስናገረው ቀላል ነበር። (ለባለቤቴ ገና አልነገርኋትም።)

የካቲት ላይ መጋዙን ይዤ ማሳው ገባሁ። ግንዱ እንዳሰብሁት ለስላሳ አልነበረም፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ መዳፌ ተላጠ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ ስገዘግዝ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ቁርጥ አባቱን!»

ዞር ስል ፊቷን ወደ ጓሮው መልሳለች። ከደጃፉ ያለችውን አንዲት እግር ግን እንዳልነካ ከለከለችኝ። አልነካኋትም። ባለሙያው ቢያያት ይቆጣል።