የቆመ ልብ ሁሉ አልሞተም

በአገራችን «ልቡ ቆመ» ማለት ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ዳባት ያለችው እናቴ፣ የእኅቴን የልብ ቫልቭ ለመጠገን ልቧ ለጊዜው እንዲቆም ይደረጋል በተባለ ጊዜ፣ «ልጄን በቁሟ አልቀብርም!» ብላ እንቢ አለች። እኔም ደባርቅ ከባዮሎጂ መምህራችን የተማርሁትን አስረዳኋት።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሰውነትን ደም የሚያዘዋውረው መኪና ነው። ልብ ግን ደም ተቋርጦበት ሳለ ቢመታ ተርቦ ሥጋው ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞች ፖታስየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ይሰዳሉ። ፖታስየሙ ምቱን ያስቆማል፤ ቅዝቃዜው ረኀቡን ይቀንሳል። በፖታስየም ማስቆሙን እ.ኤ.አ. በ1955 በእንግሊዝ አገር ዶክተር ሜልሮዝ ጀመሩት፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ልብን ስለ ጎዳ ተትቶ፣ በ1970ዎቹ መጠኑ ተቀንሶ ተመለሰ። በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ከተከፈተ ቆይቷል።

«እማዬ፣ የደባርቅ ብርድ ቅቤን ሳይበላሽ እንደሚያቆየው ነው» አልኋት። እሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያስ እንቅልፍ ነዋ!» ብላ ፈቀደች። እኅቴ ተራዋን ትጠብቃለች።

ወላጆች ሆይ! ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በወጉ ካልታከመ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮውን በጊዜ አሳክሙ፤ ልብ ማስቆም አያስፈልግም።