ተፈልጎ አልተገኘም

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ተፈልጎ አልተገኘም» ከሚለው ቃል የበለጠ ባለጉዳይን አሰናባች የለም። «አይሆንም» የተባለ ሰው ይከራከራል፤ «ነገ ይመለሱ» የተባለም ነገን ይጠብቃል። ተፈልጎ አልተገኘም የተባለ ግን ስለ ድካሙ ፈላጊውን አመስግኖ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። እኔም ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደ ተናገርሁት ባልቈጥረውም፣ አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባለፈው ዓመት በክረምት መግቢያ ላይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ሲያገለግሉ ኖረው በ1971 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው። የጡረታው ማኅደር ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ጠፍቶ ኖሮ፣ ጉዳያቸው እንደ ገና እንዲታይ ያመለከቱበት ክፍል «በዚያን ዘመን ይሠራበት የነበረውን ሕግ ግልባጭ ይዘው ይምጡ» ብሏቸዋል። መንግሥት ያወጣውን ሕግ ባለጉዳይ ለመንግሥት ይዞ እንዲመጣ መታዘዙ ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ነገር ግን ታዘዋል።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ብቻ አውጣልኝ። በጋዜጣም ወጥቶ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«እሺ እማማ፣ አረፍ ይበሉ» ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው።

ዱሮ ቢሆን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ በጥራዝ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ ገጽ መግለጥ ግድ ነበር። ዛሬ ሕጉም ጋዜጣውም በኢንተርኔት በተከፈተ የቤተ መጻሕፍት መረጃ ቋት ውስጥ ስለ ተከማቸ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ «የመንግስት ሰራተኞች ጡረታ» ብዬ ጻፍሁ። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቈይ «0 ውጤት» የሚል መልስ መጣ። ዓመቱን ብጨምር፣ ብቀንስ ያው ነው። ከዚያም ወደ ጋዜጣው ክፍል ገባሁ። የአሮጌው ጋዜጣ ገጾች ግን ፎቶግራፍ ብቻ ስለ ሆኑ፣ ለሰው ጽሕፈት የሆነው ሁሉ ለመሣሪያው እንደ ግድግዳ ሥዕል ነው፤ ቃል ቢጠይቁት አይመልስም።

«እማማ፣ ተፈልጎ አልተገኘም» አልኋቸው።

ነጠላቸውን አጣፍተው «እግዜር ይስጥልኝ፤ አደከምሁህ» ብለው ወጡ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በምርቃታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ አለቃዬ አንድ የደብዳቤ ረቂቄን በቀይ ቀለም አርመው መለሱልኝ። «መንግስት» ያልሁትን «መንግሥት»፣ «ሰራተኛ» ያልሁትን «ሠራተኛ» አድርገው፣ በኅዳጉ ላይ «እሳቱን ሰ ተወው፤ ንጉሡን ሠ ጻፍ» ብለዋል። በተማሪ ቤት መምህራችን በዚሁ ነገር ስንት ጊዜ ጆሮዬን ቈንጥጠውኝ ነበር! ከዚያ ወዲህ ግን እጄ ለጣት የሚቀርበውን ሰ ብቻ መንካት ለምዷል። ረቂቁን ይዤ ጥቂት ቆምሁና ወደ መሣሪያው ተመልሼ «የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ» ብዬ ጻፍሁ። ዐዋጅ ቍጥር 209/1955 ከነገጹ ብቅ አለ። ያን ዕለትም እዚያው ነበር ማለት ነው።

ለጆሯችን ሰ እና ሠ አንድ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ ግን ለየፊደሉ የየራሱ ቍጥር ስለ ተሰጠው፣ ካልነገሩት በቀር መሣሪያው ሰን ከሠ የሚያየው ሰን ከበ እንደሚያይ ነው። እንግዲህ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለው በአራት ዐይነት ይጻፋል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ደግሞ፣ ተጣብቆና ተለያይቶ መጻፉን ሳልቈጥር፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲፈራረቁበት፣ ሥ ከስ፣ ሴም ከሤ ጋር ሲለዋወጡበት ሃያ አራት መልክ ያወጣል። በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ እንደ ዱሮው የገባበት ጽሑፍም አለ። ተመሳሳዮቹን ፊደላት እንደ አንድ ቈጥሮ እንዲፈልግ መሣሪያውን ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ያደረጉም አሉ፤ እኔ የፈለግሁበት ግን አልታዘዘም ነበር።

ዓመቱም ያው ወጥመድ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውን በእኛ፣ እንግሊዝኛውን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሚያወጣ፣ «የጡረታ ዐዋጅ 2003» ያለ ሰው ሁለት ሕግ ይጠራል፤ በእነርሱ 2003 የ1995ቱ ዐዋጅ ቍጥር 345 ሲሆን፣ በእኛ 2003 ደግሞ ዐዋጅ ቍጥር 714 ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ሕጎች በአንድ ቍጥር ተደብቀዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ ስፈልግ ትክክለኛውንም ስሕተቱንም እጽፋለሁ፤ ወደ መዝገቡ ያስገባው ጸሓፊ እንደ እኔ ያለ ሰው ሊሆን ይችላልና።

እኒያን እናት ስልክ አላስመዘገብኋቸውም ነበር። በማመልከቻቸው ላይ የቤት ቍጥር ስለ ነበረ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግልባጩን ይዤ በዝናብ ሄድሁ። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት።

«ያልተገኘው ይኸው ነው?»

«አዎን እማማ።»

«የት ተቀምጦ ኖሯል?»

ስለ ንጉሡ ሠ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። «ከቦታው ነበር፤ እኔ ነኝ አጥፍቼ የፈለግሁት» አልሁ።

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ከትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። ቡና ካላፈላሁልህ ብለውም አስቀሩኝ። ስኒውን ሲያቀብሉኝ፣ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ወሬ አድርገው፣ «ቀጠሮዬ እንኳ ያለፈው ማክሰኞ ነበር» አሉ።