አሻራ

የምተዳደረው በባንክ ቤት ነው። በእኛ ሙያ የቀኑ ሥራ አበቃ የሚባለው ሂሳቡ ሲገጥም ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ በሳጥኔ ያለው ጥሬ ገንዘብና በመዝገቡ የሰፈረው ቁጥር እስኪተካከሉ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። አንድ ብር ቢጎድል ይፈለጋል፤ አንድ ብር ቢተርፍም ይፈለጋል። ትርፉ ደስ የሚያሰኘን የሚመስላቸው ብዙ ወዳጆች አሉኝ። ነገር ግን በሳጥን ውስጥ የተረፈ ብር ከአንድ ሰው ላይ ሳይታወቅ የቀረ ብር ነው፤ ስለዚህ ከጉድለት ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ትርፍ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ትርፍ ነው፤ ከሰባት ሰዎች ላይ ወስጄ እስከ ዛሬ ስላልመለስሁት።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ከመስኮቴ ፊት የቆሙ አንድ አባት ናቸው። ከገጠር የመጡ ናቸው። የገንዘብ ማውጫውን ቅጽ ሞልቼላቸው የማኅተም ቀለሙን ሳስጠጋላቸው፣ አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ነክረው ጫኑ። ከጫኑ በኋላ ያንን ጣት በመዳፋቸው ውስጥ ደበቁት። ከኋላቸው የቆመ ሰው እንዳያይባቸው መሆኑ ነው። ይህን አደባበቅ አውቀዋለሁ። ከደሴ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሌላ ሰው እጅ ላይ አይቼዋለሁ።

በ2013 ዓ.ም. የሒሳብ አያያዝ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ደጅ ስጠና፣ የሰላም ሚኒስቴር «በጎነት ለአብሮነት» በሚል መሪ ቃል ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ባዘጋጀው የብሔራዊ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመዘገብሁ። እውነቱን ለመናገር ያስመዘገበኝ ከበጎነቱ ይልቅ ሥራ ፈትነቱ ነበር። የመርሐ ግብሩ ሐሳብ ወጣቱ ከተወለደበት አካባቢ ወጥቶ ሌላውን የአገሩን ክፍል እያገለገለ እንዲያውቅ ነው። ሥልጠናውን ጨርሰን ምድባችን ሲነገር የእኔ ዕጣ ቦንጋ ሆነች።

እናቴ ስትሰማ ሳቀች። «እኔንም ልከውኝ ነበር» አለችኝ። እናቴ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዘማች ነበረች። በአገራችን የተማረን ወጣት ወደ ሕዝቡ መላክ ለካ የቆየ ልማድ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ሳይመረቅ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር አዘመተ። የእናቴ ዘመቻ ደግሞ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ 15 የደረሰ፣ ዩኔስኮም የሸለመው ነው። እነዚያ ግዴታ ነበሩ፤ የእኔ በፈቃድ ነው። ሆኖም ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ስለ አዘማመቱ ብዙ ይወራል፤ ስለ መጨረሻው ቀን የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

እናቴ ስለዚያ ቀን የነገረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት። «ያስተማርኳቸው አንዲት ሴትዮ ደብተራቸውን ታቅፈው እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። በደብተሩ ውስጥ ምን እንደጻፉ ሊያሳዩኝ ፈልገው ይሆናል። መኪናው ተነሣ፤ ከፍቼ አላየሁትም።» ይህን ስትነግረኝ ልብ አላልሁትም።

ቦንጋ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። ዙሪያዋ ደን ነው፤ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ራሱ የሚበቅልበት፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የሰፈረው የካፋ ደን። ስገባ ከተማዋ በደቡብ ክልል ሥር ነበረች። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ በኅዳር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከአዲሱ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። እኛ በጎ ፈቃደኞች ጠዋት ትምህርት ቤት እናግዛለን፤ በክረምቱ ችግኝ ተከልን፤ ማታ ማታ ደግሞ እኔና አንድ ባልደረባዬ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎልማሶችን ፊደል እናስቆጥር ነበር። 22 ሰዎች ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ ከገበያ የሚመጡ ሴቶች ናቸው።

ከእነርሱ መካከል በገበያው ኮረሪማና ማር የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እርሱን መጻፍ የእርሳቸው ፋንታ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እርሳቸው ግን የፈለጉት በቁጠባ ደብተራቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበትን የእኛን ፊደል ነበር። «ሌላው ይቅርብኝ» አሉኝ በመጀመሪያው ምሽት። «ስሜን ብቻ አስተምረኝ። በዚያ መስኮት ፊት ጣቴን ቀለም ሲቀቡኝ፣ ስሰርቅ የተያዝሁ ይመስለኛል።» ይህን ሲሉ አውራ ጣታቸውን በመዳፋቸው ደብቀውት ነበር።

ስማቸው አምስት ፊደል ነው። ለመጀመሪያው ፊደል ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጠው ስለሚጫኑት በየምሽቱ ይሰበር ነበር። ይሥቃሉ፤ እንቀርጻለን፤ እንደ ገና ይሰበራል። ሁለተኛው ከዚያ ቀለለ። ሦስተኛውን በመስከረም መጨረሻ ሲጽፉ እጃቸው ረጋ፤ ወረቀቱን ከራሳቸው አርቀው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። የእናቴ ስልክ አልጠራ አለ። በወሩ መጨረሻ ከተማዋ ተይዛለች የሚለውን ወሬ ስሰማ ጠመኔ በእጄ ነበር። ከዚያች ምሽት ጀምሮ በዚያ ክፍል ያስተማርሁት እጅግ ጥቂት ነው። ባልደረባዬ ብቻውን ያስተምራል፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ በየአምስት ደቂቃው ስልክ እሞክራለሁ።

እኒያ እናት ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ይወስዱኛል። ቆጮ ያቀርቡልኛል፤ ቡና ያፈላሉ፤ ሬዲዮ ይከፍታሉ። የዜናው ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ከእናትህ ተሰማ?» አልተሰማም እላለሁ። «ይሰማል» ይላሉ። ይህ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። አራተኛው ፊደል በዚያ ወር መማር የነበረበት ፊደል ነው። የእርሳቸው የትምህርት ሰዓት ለእኔ ማጽናኛ ዋለ። ልብ በሉልኝ፤ አገልጋይ ተብዬ የሄድሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ መለቀቃቸውን አስታወቀ። ከቀናት በኋላ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ደህና ነበረች። ለእኒያ እናት ልነግራቸው ወደ ገበያው ሮጥሁ፤ ማሩንና ሰፌዱን ትተው ተነሥተው እልል አሉ።

አገልግሎታችን የሚያበቃው በታኅሣሥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልቤ ቦንጋ አልነበረም። የማጠቃለያ ሪፖርት ማዘጋጀት የእኔ ድርሻ ስለሆነ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። በቅጹ ከነበሩት መስመሮች አንዱ «ስማቸውን መጻፍና መፈረም የቻሉ ጎልማሶች ብዛት» ይላል። በእውነት የቻሉት 15 ነበሩ። እኔ 22 ብዬ ጻፍሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። 22 የተመዘገቡት ቁጥር ስለሆነ ገጹ ላይ ያምራል፤ 15 ብዬ ብጽፍ ግን ስለ ሰባቱ ማብራራት ነበረብኝ። ለማብራራት ደግሞ ያንን ወር ማብራራት ሊኖርብኝ ነው።

የመዝጊያው ዕለት እንግዶች መጡ። ንግግር ተደረገ። «በዚህች ከተማ አሻራችሁን አኑራችሁ ትሄዳላችሁ» ተባልን፤ አጨበጨብን። እኔም ያዘጋጀሁትን ግጥም አነበብሁ። ከጻፍኋቸው ሁሉ የማፍርበት ስለሆነ ሁለት ስንኝ ብቻ ልንገራችሁ፦

መጣን በጎ ይዘን፣ ሄድን በጎ ትተን፣
በፍቅር ማኅተም አሻራ አኑረን።

ለዚህም ተጨበጨበ። በዚህ መካከል የታዳሚዎች ስም መመዝገቢያ ወረቀት በክፍሉ ይዞር ነበር። ከእንግዶቹ ጋር ፎቶግራፍ ስነሣ፣ ወረቀቱ እኒያ እናት ዘንድ መድረሱን በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። እጄን አነሣሁላቸው፤ «ቆዩኝ፣ መጣሁ» ለማለት ነበር። አልሄድሁም። ዳቦው ተቆረሰ፤ ሌላ ሰው አነጋገረኝ።

ማታ አባሪዎቹን ከሪፖርቱ ጋር ሳያይዝ ወረቀቱን አየሁት። በእርሳቸው ረድፍ ላይ ሦስት ፊደላት ተጽፈዋል፤ ረጋ ያሉ፣ የሚያምሩ። ከሦስተኛው ቀጥሎ አንዲት ነጥብ አለች፤ እስክሪብቶው ቆሞ የጠበቀባት ቦታ ናት። በሁሉም ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተጭኖበታል። የማኅተሙን ቀለም ማን እንዳቀበላቸው አላውቅም።

22 ሰዎች መፈረም ችለዋል የሚለው ሪፖርትና ይህ ወረቀት በአንድ አቃፊ ውስጥ ተያያዙ። ዛሬ በባንክ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመኝ አባሪው ቅጹን ያስተባብላል ብዬ እመልሰዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ቁጥሩን ለማስተካከል እስክሪብቶው በእጄ እያለ፣ አቃፊውን ዘጋሁት። አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ እናቴን አላየኋትም። ምክንያቴ እውነተኛ ነበር። ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው። እውነተኛ ምክንያት የሐሰት ቁጥርን እንደማያርም ለመረዳት ገንዘብ ቆጣሪ እስክሆን ድረስ ቆየሁ።

በጨለማ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ማርና በጨርቅ የተቋጠረ ኮረሪማ ሰጡኝ። ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። «ለዘመን መለወጫ መጥቼ የቀረውን እንጨርሳለን፣ እማማ» አልኋቸው። «እናትህን ሳምልኝ» አሉኝ።

አልሄድሁም። በመጀመሪያው ዓመት በየበዓሉ ደወልሁ፤ ከዚያ ሥራ ያዝሁ፤ ከዚያ መደወሉን ተውሁ። ረስቼ አልነበረም። «የቀረው ፊደልሳ?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ኮረሪማው አልቆ እንኳ ጨርቁ በእናቴ ሳጥን ውስጥ አለ፤ የአገልግሎት ምስክር ወረቀቴም ከእርሱ ሥር ተቀምጧል።

ያ አባት ጣታቸውን ደብቀው ከሄዱ በኋላ ግን የእሑዱን ቀን ጠብቄ ደወልሁ። ያነሣችው የልጅ ልጃቸው ናት። ስሜን ስነግራት «እማማ! ደሴ ነው!» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እናቴ ነው። ደህና ናት አልኋቸው። ስለ ሪፖርቱ ልነግራቸው ቃላት ስመርጥ፣ እርሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ይቺ አራተኛዋ ፊደል» አሉኝ፤ «ከሁለት እግሮቿ የሚያጥረው የትኛው ነው? ልጅቷ ግራው ነው ትለኛለች፤ እኔ ግን ካንተ ሳልሰማ ልጽፋት አልፈለግሁም።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እውነቷን ነው፣ እማማ። ግራው ይጠር፤ ቀኙ ረዝሞ ይቁም።»

«ቀኙ ረዝሞ» አሉ ለራሳቸው። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ለልጅቷ እርሳስ አቀብይኝ ሲሉም ሰማሁ።

ከዚያ ድምፃቸው ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«ቆይ፣ አትዝጋው» አሉኝ።